ሒሳቡን ባለቤቱ ይየው

ከሸካዋ ማሻ በጎሬና በመቱ አድርጎ ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ የያዩን ከተማ ያልፋል። እዚያ የድንጋይ ከሰል ወደ ዩሪያ ማዳበሪያ ሊለወጥ ነበር፤ በዓመት 300 ሺህ ቶን። አሠሪው የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን፣ ሠሪው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ)፣ አበዳሪው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበሩ። ሦስቱም የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩ። ብዙ ቢሊዮን ብር ከፈሰሰበት በኋላ ሥራው ሳያልቅ ውሉ ተቋረጠ፤ የገበሬው ማዳበሪያ ዛሬም ከውጭ ይገባል።

አሠሪው ሲዘገይ የሚቀጣ፣ አበዳሪው ሳያጣራ የማይለቅ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በጊዜ በታወቀ ነበር። ሦስቱም ከአንድ ካዝና ስለሚቀዱ ግን አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

የእንዲህ ዓይነት ሥራ ዕዳ ከፋይ አያጣም። በ2013 ዓ.ም. የበርካታ የልማት ድርጅቶች ዕዳ ለዚሁ ወደተቋቋመ ኮርፖሬሽን ተዛወረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ንግድ ባንክን ለማጠናከር እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ተፈቀደ። ይህን ዕዳ በግብሩ የሚሸከመው ማሻ ላይ ማርና ቡና የሚሸጠው ሰው ጭምር ነው።

የመንግሥት ድርጅቶች ሁሉ ይሸጡ የሚሉ አሉ። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በእርግጥ ወደ ግል ተዛውረዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቴሌኮምና ንግድ ባንክ ግን ገና ለረጅም ጊዜ በዋናነት በመንግሥት እጅ ይቆያሉ፤ ስለዚህ አመራራቸው መስተካከል አለበት።

እንደሚቻል ኢትዮ ቴሌኮም አሳይቷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሽያጭ ሲያቀርብ ሒሳቡንና ሥጋቱን የሚዘረዝር ሰነድ ለሕዝብ አወጣ። 47,377 ሰዎች ገዙ። ለገዢ የተገለጠ ሒሳብ ለቀሪው ድርሻ ባለቤት፣ ለሕዝቡ፣ በየዓመቱ የማይገለጥበት ምክንያት የለም።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ታላላቅ የመንግሥት ድርጅቶችን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቧል። የሲንጋፖር መንግሥት የኢንቨስትመንት ኩባንያ ቴማሴክ ሕግ ሳያስገድደው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመታዊ ሪፖርቱን ያወጣል። የእኛም ድርጅቶች እያንዳንዳቸው ኦዲት የተደረገ ሒሳባቸውን በተወሰነ ቀን ያውጡ፤ ቦርዶቻቸው በሙያ ይመረጡ። በሸካ ደን ውስጥ ላለ መንደር ኔትወርክ መዘርጋት ባያተርፍም ተገቢ ነው፤ ወጪው ግን በበጀት ተለይቶ ይታወቅ። የተወካዮች ምክር ቤትም ሒሳቡን ላላቀረበ ድርጅት አዲስ የብድር ዋስትና አይፍቀድ።