የሐኪም ትምህርት ማለቂያ የለውም

ማናቸውም ጥበብ ካልታደሰ ይደክማል፤ ይልቁንም የሕክምና ጥበብ የደከመ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው በበሽተኛው ላይ ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ በሐኪሙ ልቡና ያለው ዕውቀት ግን ቀን አልተጻፈበትምና አብዝቶ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ እርሱ ነው።

ለዚህ ነገር ወባ ዋና ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን ፈጅቷል። ይህም የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ክሎሮኪን ብዙ ሕይወት ካዳነ በኋላ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ለመደው፤ በእርሱ ፈንታ ፋንሲዳር ታዘዘ፤ የእርሱም ኃይል ደከመና በ2004 ኮአርተም ተተካ። እንግዲህ በአንድ ሐኪም የሥራ ዘመን የአንዱ በሽታ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተለውጧል ማለት ነው።

ለውጡም ገና አላበቃም። በአማራ፥ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች ተመርምረው በ2021 የታተመው ጥናት፥ ፈጣኑ የደም መመርመሪያ ከመቶ 10 ያህሉን የፋልሲፓረም ሕሙማን ሳያውቅ ሊያሳልፍ እንደሚችል ገልጧል። በ2023 የታተመው ደግሞ፥ በኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን ለመቋቋም የሚረዳ የዘር ለውጥ ከመቶ 8 ያህል መገኘቱን አስታወቀ። ኮአርተም ዛሬም ይፈውሳል፤ ነገር ግን ይህን ያነበበ ሐኪም ትኩሳቱ ያልለቀቀውን በሽተኛ ደም በማይክሮስኮፕ ደግሞ ይመረምራል፤ ያላነበበው «ወባ የለብህም» ብሎ ይሸኘዋል።

የሚያስደስትም ወሬ አለ። ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ተደብቆ ስለሚመለስ ለእርሱ ፕሪማኪን 14 ቀን ይታዘዝ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ትኩሳቱ ሲለቀው መድኃኒቱን ያቋርጣል። በኢትዮጵያ፥ በአፍጋኒስታን፥ በኢንዶኔዥያና በቬትናም በ2,388 ሕሙማን ተፈትኖ በ2019 የታተመው ጥናት፥ ያው መጠን በ7 ቀን ቢሰጥ ፈውሱ እንደማያንስ አስረዳ። ይሁን እንጂ ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ኃይል የጎደለውን ሰው ደሙን ሊያፈርስበት ስለሚችል፥ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

አሁን ነገሩን ወደ ግራና እናምጣው። የቆቦና የግራና ሸለቆ ቆላና መስኖ ያለበት ለም አገር ነው፤ ውኃው እህልን እንደሚያበቅል ሁሉ ትንኝንም ሊያራባ ይችላል። በአጨዳ ወራት ላለ የሀብሩ ገበሬ የ14 ቀንና የ7 ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም። ይህን ያስገኘው ጥናት በወገኖቻችን አካል ጭምር ተፈትኖ ሳለ፥ ፍሬው ለግራና ጤና ጣቢያ ከሁሉ በኋላ ቢደርስ ፍርድ የጎደለው ነገር ይሆናል።

አንዳንዱ «ሐኪም ሁሉ ባነበበው ጥናት መድኃኒት ሊለዋውጥ ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። መድኃኒት የሚለወጠው በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው። ነገር ግን የመመሪያውን ምክንያት ያወቀ ሐኪም ትእዛዙን በማስተዋል ይፈጽማል፤ ያየውንም እንግዳ ነገር ለበላዩ ያስታውቃል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ የአዳዲስ ጥናቶችን ፍሬ ነገር በአጭር አማርኛ እያዘጋጁ ከወልድያ ሆስፒታል እስከ መርሳና ግራና በየጊዜው ቢያደርሱ፥ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ብዙ ነው። ለሥራ ፈቃድ ማደሻ የሚጠየቀው ተከታታይ ትምህርትም ወረቀት ለመሰብሰብ ሳይሆን በየሥፍራው ያለውን በሽታ ለማወቅ ይሁን። ሕዝቡም የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይጨርስ፤ ያልገባውንም ይጠይቅ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለው ተረት ለበሽተኛውም ለሐኪሙም የተነገረ ነውና።