«ከርነሉ ተበክሏል አሉኝ፤ ፎርማት ላድርገው?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ሲሆን የምተዳደረው በስድስት ኪሎ አካባቢ በከፈትኳት አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ የተነሳ ላፕቶፔን ቫይረስ እየበላው ስላስቸገረኝ ሊኑክስ አስጫንኩበትና ዓመት ሙሉ በሰላም ሠራሁ። በቅርቡ ግን አዲስ ከርነል እንድጭን መልእክት መጣልኝ፤ እሺ አልኩት። በማግስቱ ስከፍተው ስክሪኑ ላይ የማስጠንቀቂያ መዓት ወረደ። አንዱ «ኤሲፒአይ ኢረር» ይላል። ሌላው ስለ ግራፊክስ ድራይቨሩ «ቴይንትስ ከርነል» ይላል። በስተመጨረሻ ደግሞ «ኤክስት ፎር» ብሎ የሚጀምር አንድ መስመር አለ፤ ዲስኩን እንዳስመረምር ይመክረኛል መሰለኝ። ማሽኑ ይሠራል፣ እጽፍበታለሁ፤ ዋይፋዩ ግን ጠፍቷል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛዬ «ቴይንትድ ማለት ተበክሏል ማለት ነው፤ ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ችግሩ፣ ለብቻ በከፈልኩት የዲስኩ ክፍል ውስጥ የደንበኞቼ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ሦስቱ በወሩ መጨረሻ ያስረክባሉ። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

ስሜ አይገለጽ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ፎርማት የሚባለውን ነገር ከአፍህም ከልብህም አውጣው። ጓደኛህ ለአንተ አስቦ ነው፤ ምክሩን ብትሰማ ግን የሚጠፋው ችግሩ ሳይሆን የሦስት ተማሪዎች ድካም ነው።

ዛሬውኑ የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። የደንበኞችህን ፋይል በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጥ። ስትጨርስ የተገለበጠውን እዚያው ከፍተህ እይ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለምን እንዳስቸኮልኩህ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

አሁን ነገርን ከሥሩ እንያዘው። ከርነል በፕሮግራሞችህና በዕቃው መካከል የቆመ አገናኝ ነው። ጽሑፍህን ሴቭ ስታደርግ ፕሮግራሙ ከዲስኩ ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም፤ ከርነሉን ይጠይቃል። የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ እሱም የሚሠራው በዚሁ ከርነል ነው።

ይህ አገናኝ ታዲያ ወሬ አይደብቅም። ማሽኑ ሲነሳ ያየውን ሁሉ ይመዘግባል። መልእክቶቹን ከ0 እስከ 7 በ8 ደረጃ ይከፍላቸዋል። 0 «አለቀልኝ» እንደማለት ነው፤ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 7 ለሠሪዎቹ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ያለው መሃል ላይ ነው። መሃል ላይ ስለሆነም አንዳንዱ ምንም አይደለም፤ አንዳንዱ ግን ብዙ ነገር ነው። የአንተን አንድ በአንድ እንያቸው።

ኤሲፒአይ የሚለው፦ ከርነሉ ስለ ባትሪ፣ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ኃይል የሚጠይቀው ፋብሪካው ማሽኑ ውስጥ የቀበረውን ባዮስ ነው። መልሱ የተሟላ ካልሆነ «ኢረር» ብሎ ይመዘግባል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይታያል። ባትሪው ከሞላ፣ ማቀዝቀዣው ከዞረ፣ ማሽኑ በደንብ ከተከፈተና ከተዘጋ እለፈው።

ቴይንትድ የሚለው፦ ጓደኛህ ቃሉን በትክክል ተርጉሞታል፤ ነገሩን ግን ስቶታል። የግራፊክስ ድራይቨርህ ኮዱ ለሕዝብ ያልተከፈተ ነው ማለት ነው። የከርነሉ ሠሪዎች «ውስጡን የማናየው ነገር አብሮን ተጭኗል» ብለው ምልክት ያደርጉበታል፤ ብልሽት ሲመጣ ምርመራው እንዳይሳሳት ነው። ከቫይረስ ጋር አይገናኝም።

የዋይፋዩ፦ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። አንዳንድ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አይመጡም። ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ይሠራቸዋል። ሥራው ካልተሳካ አሮጌው ከርነል ድራይቨር ይኖረዋል፤ አዲሱ ባዶ እጁን ይቀራል።

የመጨረሻዋ መስመር፦ ከሁሉም ይበልጥ ያስጨነቀኝ እሷ ናት፤ አንተ ግን በስተመጨረሻ ጠቀስካት። ኤክስት ፎር ፋይሎችህ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው። መስመሯ «ይህን ክፍል የከፈትኩት ስህተት እያለበት ነው፤ ይመርመር» የምትል ከሆነች ነገሩ የከርነል ጉዳይ አይደለም። መብራት በድንገት ሲሄድ ወይም ዲስክ ሲያረጅ የሚመጣ ነው። አሁን ማሽኑ ይሠራል ብለህ ከተውከው እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ «ገልብጥ» ያልኩህም ለዚህ ነው።

የትኛው የከርነሉ፣ የትኛው የዲስኩ እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። አሮጌው ከርነል አልጠፋም፤ አጠገቡ ተቀምጧል። የጫንከው ኡቡንቱ ከሆነ፣ ማሽኑን አጥፍተህ ስታበራ ኢስኬፕ ቁልፍን አንዴ ተጫን፤ በቆዩ ማሽኖች ደግሞ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ምረጥና ቁጥሩ ዝቅ ባለው ከርነል ግባ። ከዚያ ተርሚናል ክፈትና በላቲን ፊደል ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ብለህ፣ ክፍተት ትተህ፣ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ብለህ ጻፍ። የከርነሉ ማስታወሻ በሙሉ ይወጣልሃል።

ዋይፋዩ በአሮጌው ከመጣ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው። ለጊዜው በአሮጌው ከርነል ሥራህን ቀጥል። ከዚያ በሰከነ ጊዜህ ወደ አዲሱ ተመለስ፤ ስልክህን በገመድ አገናኝተህ ኢንተርኔት ስጠውና «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው ቦታ ድራይቨሩን እንደገና አስጭን። አሁንም እምቢ ካለ፣ ለአዲሱ ከርነል የሚስማማ ድራይቨር እስኪወጣ በአሮጌው ብትቆይ ነውር የለውም።

የኤክስት ፎሯ መስመር በአሮጌውም ከታየች ነገሩ የዲስኩ መሆኑ ተረጋገጠ። ፋይሉን መገልበጥህን ካረጋገጥክ በኋላ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈት። ያንን ክፍል መጀመሪያ አንማውንት አድርግ፤ በሥራ ላይ ያለ ክፍል አይጠገንም፣ ይበላሻል። ከዚያ አስመርምረው፣ ጉዳት ካገኘ አስጠግነው። ማስታወሻው ውስጥ «አይ ኦ ኢረር» የሚል ከዲስኩ ስም ጋር ደጋግሞ ካየህ ግን ጥገናውን ተው። ያ ዲስክ እየሞተ ነው፤ ፋይልህን አውጣና ዲስኩን ቀይር።

ሌሎቻችሁ አንባቢዎችም ልብ በሉ። ከርነል ከመቀየራችሁ በፊት ፋይላችሁን ገልብጡ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ጭነቱ በግማሽ ይቀራል። አዲሱ ጥቂት ቀን በደንብ ሠርቶ እስክታዩት ድረስ አሮጌውን አታጥፉ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ ወንድሜ። ሦስቱን ተማሪዎች ጥራና ለየራሳቸው የጽሑፋቸውን ቅጂ በፍላሽ ስጣቸው። «ማሽኔ ትንሽ ታሟል» ማለት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በማስረከቢያው ቀን «ጠፋ» ማለት ነው። ለጓደኛህም ሰላምታችንን አድርስልን፤ ፎርማቱን ግን ለሌላ ቀን ያቆየው።