ዘፈኑን ላኩት፣ ስሙን ግን አትቁረጡት

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ሙዚቃ ማጫወቻውን ክፈቱ። ካሉት ዘፈኖች ስንቱ ላይ ነው የዘፋኙ ስም በትክክል የተጻፈው? ስንቱስ ላይ ነው በስሙ ቦታ የሆነ የቴሌግራም ቻናል አድራሻ የተለጠፈው? አሁን ደግሞ ከበድ ያለውን ልጠይቃችሁ፦ ቢቱን የሠራው ማነው? ከመቶ ዘፈን የሦስቱን ከመለሳችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ስለ ሙዚቃ ቅጂ በተወራ ቁጥር ወሬው የሚያልቀው በዘፋኙ ላይ ነው። ዘፋኙ መጎዳቱ እውነት ነው። ግን ዘፋኝ ሌላ በር አለው። ዘፈኑ በነፃ ቢዞርም ፊቱና ድምፁ ይታወቃል፤ ኮንሰርት ይጠራል፣ ሠርግ ይጠራል፣ ማስታወቂያ ይሠራል። ክፍሉን ዘግቶ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሠራው ልጅስ? መድረክ ላይ ቢወጣ ማንም አያውቀውም። የእሱ ሥራ ያ ፋይል ነው። ፋይሉ ያለ ስም ከሄደ እሱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ስል «ያለ ክፍያ ያወረደ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን የተለመደ ስብከት ልደግም አይደለም። እሱ ስብከት እዚህ አገር አይሠራም፤ እውነትም አይደለም። እኛ ሙዚቃን ያወቅነው በቅጂ ነው። መጀመሪያ ከካሴት ካሴት ይገለበጥ ነበር፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚሸጠው «ኮሌክሽን» ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ማስጫን፣ አሁን ደግሞ ቴሌግራም።

አቀናባሪዎቹም ቢሆኑ ከዚሁ ወንዝ የጠጡ ናቸው። ቢት መሥራት የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚጭነው ኤፍኤል ስቱዲዮን ነው። የቤልጂየሙ ኢሜጅ ላይን ኩባንያ ምርት ሲሆን ዋጋው በዶላር ነው። የሙከራ ቅጂው በነፃ ይገኛል፤ ችግሩ የሠራችሁትን ፕሮጀክት ሴቭ ታደርጋላችሁ እንጂ ዘግታችሁት መልሳችሁ አትከፍቱትም። የሌሊት ሥራው ጠዋት ላይ የማይከፈትለት የ17 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? ክራኩን ከጓደኛው በፍላሽ ይቀበላል። የከበሮውም ድምፅ፣ የክራሩም፣ የማሲንቆውም ቅንጭብ እንደዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚደርሰው። ያለ ፋይል ልውውጥ ዛሬ በየሰፈሩ የምንሰማቸው ቢት ሠሪዎች ግማሾቹ እንኳ ባልኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መክፈል የፈለገውም ቢሆን መክፈያ ያጣበት ጊዜ ነበር። እንዳገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉን ውሰዱ። «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚባለውን ድምፅ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ሲፈጥሩ፣ ሥራዎቻቸውን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያሳተሙላቸው ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ያሉ ትንንሽ አሳታሚዎች ናቸው። እዚህ ያለው ወጣት ሊገዛቸው ቢያስብ የውጭ አገር ባንክ ካርድ ያስፈልገው ነበር። ካርድ የሌለውን ልጅ «ለምን አልገዛህም?» ብሎ መውቀስ ቀልድ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እኔ እንደማየው መቅዳቱ ላይ ሳይሆን ስም መቁረጡ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ የሥራው ርዕስ፣ የባለቤቱ ስምና የሽፋን ምስል የሚቀመጥበት ቦታ አለ። አቀናባሪው ስሙን ጽፎ ይለቀዋል። የአንድ ትልቅ ቻናል ባለቤት ፋይሉን ያወርድና በቦት አማካይነት ስሙን አጥፍቶ የራሱን አድራሻ ይጽፍበታል፣ ሽፋኑን በራሱ አርማ ይቀይራል፣ መልሶ ይለጥፈዋል። ከዚያ እኛ ፎርዋርድ እናደርጋለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ሳምንት አይሞላውም። ተከታይ የሚያፈራውና ማስታወቂያ የሚሸጠው ቻናሉ ነው። ሠሪው በገዛ ሥራው ላይ እንግዳ ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን ሁለቱን ነገሮች አንድ አያደርጋቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል መገልገያው ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክለውም። የሥራው አመንጪ ግን በስሙ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ለራስ መስማትና የሰውን ስም ፍቆ ለሺዎች መበተን ለየቅል ናቸው።

ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ተመልከቱ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ጋሽ ኃይሉ ባንዱ ወደ አሜሪካ በሄደበት ጊዜ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዘው ሁሉንም ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት ቀረጹ። በዛሬ ቋንቋ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢት የሚሠራው ልጅ ታላቅ ወንድም ናቸው። ካሴቱ ጊዜው አለፈ፣ እሳቸውም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያጋራው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። በስማቸው ኢንተርኔት ላይ ፈለጋቸው፣ አገኛቸው፣ ደወለላቸው። «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

እንግዲህ አስቡት። በነፃ ያጋራ የነበረው ሰው ነው ሠሪውን ፈልጎ ያገኘው። ግን ያገኘው ካሴቱ ላይ ስም ስለነበረ ነው። ያ ሥራ «ትራክ 03» ተብሎ የሆነ ቻናል አድራሻ የተለጠፈበት ፋይል ቢሆን ኖሮ ሰውየው ማን ጋ ይደውል ነበር?

«ስም እንጀራ አይሆንም» የሚል ይኖራል። ለአቀናባሪ ግን ስም ማለት ቀጣዩ ሥራ ነው። ዘፋኝ ቢቱን ወዶ የሚደውለው፣ ፊልም ሠሪው ማጀቢያ የሚያዘው፣ ማስታወቂያ ድርጅቱ የሚከፍለው ማን እንደሠራው ሲያውቅ ነው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ ቅንብሩም ድምፁም የራሱ ስለነበር ማንም ሊለየው አይችልም። የማይዘፍነው አቀናባሪ ግን ከተጻፈ ስሙ በቀር ምስክር የለውም።

ገንዘቡም የሚመጣው ስሙን ተከትሎ ነው። በ2011 ዓ.ም አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ኤልያስ መልካ ራሱ አቀናባሪ ነበር። አስቡት፣ አቀናባሪው ዘፈኑን መሥራት አልበቃ ብሎት መሸጫ ሱቁንም መሥራት ነበረበት። በኋላ ሰዋስው መጣ፤ ቴሌብርም ስለመጣ የካርዱ ሰበብ እየቀለለ ነው። ነገር ግን መተግበሪያው ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉት የምታውቁትን ስም ነው። የማታውቁትን እንዴት ትገዙታላችሁ?

ሊንክ ይሻላል ብዬ ብቻ እንዳላልፍ የፓኬጁን ነገር አውቃለሁ። ሊንክ በተከፈተ ቁጥር ዳታ ይበላል፤ ፋይል አንዴ ከወረደ አለቀ። ቢሆንም ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ሥራ ምንም አይከፍልም። አንድ ጀማሪ 900 ላይ ሲቀር ሥራው ቴሌግራም ላይ በሺዎች ስልክ ውስጥ ሊጫወት ይችላል፤ አንዱም አይቆጠርለትም። ስለዚህ ፋይሉን ያዙት፣ ግን የወደዳችሁትን ቢት ቢያንስ ዋይፋይ ባገኛችሁ ጊዜ ከባለቤቱ ገጽ ላይ ስሙት።

የምትልኩ ከሆነም ከሠሪው ቻናል ፎርዋርድ አድርጉ፤ ቴሌግራም ከየት እንደመጣ ራሱ ይጽፍላችኋል። ስሙ የተፋቀ ፋይል ከደረሳችሁ የሠሪውን ስም ከሥሩ ጻፉበት። አንድ መስመር ናት፣ ፓኬጅ አትጨርስም። አቀናባሪዎችም ብትሆኑ ሌላ ሰው እስኪለጥፍላችሁ አትጠብቁ፤ የራሳችሁን ቻናል ክፈቱ፣ ቢቱ መግቢያ ላይ ስማችሁን በድምፅ አስገቡ። የተጻፈ ስም በቦት ይፋቃል፤ ሙዚቃው ውስጥ የገባ ድምፅ ግን ለመፋቅ ያስቸግራል።

የምትከታተሉት ቻናል ቀጣዩን ያለ ስም ሲለጥፍ ደግሞ ኮሜንት ላይ አንድ ጥያቄ ጣሉበት፦ «ቢቱ የማነው?» አንድ ሰው ብቻ ሲጠይቅ ያልፉታል። ሁለት መቶ ሰው ሲጠይቅ መልስ መጻፍ ይጀምራሉ።