ሳንለይ አንርጭ

አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ በማሳችሁ ውስጥ የሚርመሰመሱት ነፍሳት ሁሉ ጠላት አይደሉም። ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ የተረጨ መድኃኒት ግን እሱ ራሱ ጠላት ይሆናል።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ እዚሁ መካነ ኢየሱስ አጠገብ አንድ አባት በኑጋቸው አበባ ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ አይተው ደነገጡና መድኃኒት ረጩ። በማግስቱ የጎረቤታቸው ቀፎ በር ላይ ንቦች ረግፈው ተገኙ። ለካ የተረጩት ንቦች ኖረዋል! ኑግ ደግሞ ንብ ካልተመላለሰበት በደንብ አያፈራም። ጎረቤት ማሩን አጣ፣ ባለቤቱም ኑጉን ጎዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ማለዳ ማሳ ወርዶ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

«ተምች ገባ» ሲባል ትሉን አንስታችሁ ግንባሩን እዩት። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ግንባሩ ላይ የተዘቀዘቀ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር አለው፤ «ሰ»ን የቆጠረ ሰው አይስተውም። በጅራቱ በኩልም አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። በቆሎ ላይ ቶሎ ከታየ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይቻላል።

አንበጣና ደገዛም አንድ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. አገር ያስጨነቀው የበረሃ አንበጣ የራሱ ቀንድ አጭር ነው፤ በመንጋ እየበረረ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያው መነገር አለበት። ደገዛ ግን ቀንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ክንፉ አጭር ነው፤ መብረር አይችልም።

መልክ ብቻውንም አይበቃም። ጥቁር ነጥብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ እየለቀመች ስትበላ ካያችኋት ወዳጅ ናትና ተዉአት። የጤፉን ቅጠል የምትፍቀው ግን እሷን የምትመስል ሌላ ናት፤ ያቺ ተባይ ናት።

«ይህን ሁሉ ስናይ እህሉ አያልቅም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አንድ ማለዳ ማየት እህል አያስጨርስም፤ በከንቱ የተረጨ መድኃኒት ግን ገንዘብም ንብም ያስጨርሳል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ አባቶችና እናቶች በየመንደሩ አሉ። ያ ፊደል ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ ነው እንዴ? በየማኅበሩ አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ የሰብሉ ዓይነት፣ የተበላው ክፍል፣ የነፍሳቱ ቀለም፣ ቀንድና ክንፍ ይጻፍበት። ያልታወቀው በክብሪት ቤት ተይዞ ለግብርና ባለሙያ ይታይ። የዘንድሮው ጽሑፍ ለከርሞ መምህር ይሆናል።

ከመርጨት በፊት መለየት!