«ይለፉት» አይባልም

ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ወረቀት በወረቀት ነው የሚያየው። ባለጉዳዩ በፌስታል፣ ጠበቃው በብብቱ ሥር ይዞ ይገባል፤ በአካባቢው ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችም ሲያትሙ ይውላሉ። የፍርድ ግልባጭ የያዘ ሰው «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለው ማህተም ካላረፈበት ተመልሶ ያስመታል። ቢለምንም ሰሚ የለውም። ማህተሙ የማን ነው? ስሙ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል? ቀኑ ትክክል ነው? በዚህ ሰፈር እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳያዩ ወረቀት መቀበል ነውር ነው።

ከዚያ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ለማስተካከል በሄድኩበት ቀን ያየሁት ግን ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ አንዲት እናት የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ገጽ ሲከፍቱ ቀይ ምልክት መጣ፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ፣ የገጹን ማንነት የሚመሰክረው ሰርተፍኬትም እንደማይታወቅ የሚናገር ነው። ወጣቱን የአይቲ ሠራተኛ ጠሩት።

«እትዬ፣ ምንም አይደለም። አድቫንስድ የሚለውን ይጫኑና ይለፉት» አላቸው።

«ልጄ፣ አላውቀውም እያለኝ እንዴት ነው የማልፈው?»

«የራሳችን ሰርቨር ነው እኮ!»

አለፉት። ሲያልፉ ግን ፊታቸው ላይ ቅሬታ ነበር። እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ብሮውዘሩ የጠየቀው እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለጉዳይ ሲጠይቁ የኖሩትን ነው፤ ልጁ ደግሞ ያንን ጥያቄ እንዲተዉት ነገራቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ፈረመበት?» ነው። ብሮውዘርና ኮምፒውተር የሚያምኗቸውን ፈራሚዎች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። የብዙ መሥሪያ ቤት የውስጥ ሰርቨር ግን ራሱ ለራሱ የፈረመውን ሰርተፍኬት ነው የሚያቀርበው። ባለጉዳይ በገዛ እጁ ቀርጾ የመታውን ማህተም ማን ይቀበለዋል? መፍትሔው መሥሪያ ቤቱ የራሱን ዋና ፈራሚ አቋቁሞ የፈራሚውን ሰርተፍኬት በግሩፕ ፖሊሲ አማካይነት ለሁሉም ኮምፒውተር ባንድ ጊዜ ማዳረስ ነው። የቆየ ፋየርፎክስ ካለ ግን የራሱን ዝርዝር ብቻ ስለሚያይ እሱም ለብቻው መታየት አለበት። የፈራሚው ምስጢራዊ ቁልፍ ደግሞ እንደ ክብ ማህተሙ ተቆልፎ ይቀመጥ። ያ ቁልፍ እጁ የገባ ሰው በፈለገው ድረ ገጽ ስም ፈርሞ እነዚያን ኮምፒውተሮች ማሳመን ይችላል።

ሁለተኛው ስም ነው። ሰርተፍኬቱ በሰርቨሩ ሙሉ ስም ወጥቶ ሳለ ሠራተኛው በ192.168 የሚጀምረውን የኔትወርክ አድራሻውን ወይም አጭሩን ስም ከጻፈ አይገጥምም። ክሮም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ኮመን ኔም» በሚባለው የድሮ ቦታ የተጻፈውን ስም አያይም፤ «ሰብጀክት ኦልተርኔቲቭ ኔም» በሚለው ሥር መስፈር አለበት። የቆየ መመሪያ ይዞ ሰርተፍኬት የሚያወጣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ቀን ነው፤ ይህ የእኛ አገር የተለየ ፈተና ነው። በዚያው ክፍል ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ምንም ገጽ አልከፍት ብሎ ነበር። ክሮም ሰዓቱ ወደኋላ መቅረቱን ይናገራል። ቀና ብዬ የግድግዳውን ካላንደር አየሁ፣ 2018። ዝቅ ብዬ የኮምፒውተሩን ቀን አየሁ፣ እሱም 2018። አንድ ሰው ዓመቱ የተሳሳተ መስሎት በቅን ልቡና አስተካክሎታል። በ2025 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ሰርተፍኬት ለዚያ ኮምፒውተር ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል! መብራት በሚመላለስበት ቢሮም ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ባትሪዋን መቀየርና ኮምፒውተሮቹ ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ እንዲወስዱ ማድረግ ይበቃል።

«ለውስጥ ገጽ ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ልማዱ ነው። ቢሮ ውስጥ በቀን አምስት ጊዜ «ይለፉት» የተባለ እጅ ማታ ቤቱ ገብቶ የባንኩን ገጽ ሲከፍትም ያልፋል። ያኔ ግን በእሱና በባንኩ መሐል የተቀመጠው ሌባ ሊሆን ይችላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የሆነውን አልረሳም። ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ፈራሚ ድርጅት ተሰብሮ በጉግል ስም ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ወጣ፤ በእሱም ኢራን ውስጥ የሰዎች ኢሜይል ተጠለፈ። በምርመራው ወደ 300,000 የሚሆኑ የኢንተርኔት አድራሻዎች ለዚያ ሰርተፍኬት ተጋልጠው እንደነበር ታወቀ። ጉዳዩ ለዓለም የተገለጠው አንድ ኢራናዊ የክሮም ማስጠንቀቂያ ሲመጣበት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በአደባባይ ስለጠየቀ ነው። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ከሰረ። ለዚያ ሰው «ምንም አይደለም፣ እለፈው» የሚል ጓደኛ አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው ሲጠለፍ ይከርም ነበር?

አገራችንም ለዚህ ማህተም ሕግ አላት። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሥር ሰርተፍኬት ሰጪነቱን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ለዛሬው አስተዳደር) ሰጥቷል። አዋጅ የወጣለትን ማህተም በየቢሯችን «ይለፉት» እያልን ማርከስ የለብንም። የአይቲ ባለሙያዎቻችን ጥረት ይገባኛል፤ አንዱ ልጅ ፕሪንተርም፣ ኔትወርክም፣ ሰርቨርም የሚጠግንበት ቢሮ ብዙ ነው። ኃላፊዎች ለዚህ ሥራ አንድ ቀን ይስጧቸው።

እኛ በዚያ መሥሪያ ቤት የፈጀብን ግማሽ ቀን ነው። ወጣቱ ራሱ ፈራሚውን አቋቋመ፣ ሰርተፍኬቱን በሙሉ ስም አወጣ፣ ሰዓቶቹን አስተካከለ። እትዬ ገጹን ከፈቱ፤ ቀዩ አልመጣም። «ይህስ መቼ ያልቃል?» ብለው ጠየቁት። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነገራቸው። የቀጠሮ መዝገባቸውን ገለጡና፣ ከባለጉዳዮቹ ስም ሥር፣ በእጃቸው ጻፉት።