አረንጓዴው ኬክ፦ ቀለሙ ከስኳሩ አያድንም

በቅርቡ ለክትትል የመጡ አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት የደማቸው ስኳር ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። አመጋገባቸውን ስጠይቃቸው ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣላቸውን ኬክ ለተከታታይ ቀናት ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር እንደበሉ ነገሩኝ። «ልጄ፣ አትቆጣኝ፤ ይሄኮ ከቅጠል የተሠራ ነው፤ አረንጓዴ ነው» አሉኝ። ብዙ ሰው እንደ እርሳቸው ስለሚያስብ የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ኬክ ይመለከታል።

አረንጓዴ ስፖንጅ ኬክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሲንጋፖር፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የተለመደው የፓንዳን ኬክ ሲሆን፣ ፓንዳን ረዥምና መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል ነው። ሁለተኛው የጃፓኑ ማቻ ኬክ ነው። ማቻ ከመለቀሙ በፊት ለሳምንታት በጥላ ከተሸፈነ የሻይ ቅጠል የሚፈጭ ዱቄት ነው። ባለፉት ዓመታት የማቻ ፍላጎት በዓለም ላይ እጅግ በመጨመሩ፣ እ.አ.አ በ2024 በጃፓን የታወቁ የሻይ ነጋዴዎች ለአንድ ገዢ የሚሸጡትን መጠን እስከ መገደብ ደርሰዋል። ማቻ «ለጤና ተስማሚ» የሚል ስም በማትረፉም፣ ኬኩ በዚሁ ስም ይሸጣል።

ሂሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም፣ ለአንድ የፓንዳን ኬክ 6 እንቁላል፣ 120 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት፣ 120 ግራም ያህል ስኳር፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይትና 80 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ይገባል። ኬኩ ለ8 ሰው ቢቆረስ ለእያንዳንዱ 15 ግራም ስኳር ይደርሰዋል፤ ይህም ወደ 4 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ነው። የአንዱ ቁራጭ ኃይል ደግሞ 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን ውስጥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። 2 ቁራጭ የበላ ሰው ሻይው ውስጥ የጨመረው ስኳር ሳይቆጠር 25 ግራሙን አልፏል ማለት ነው።

ቅጠሉስ ምን ይጠቅማል? ፓንዳን ተፈጭቶና ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ስለሚወሰድ፣ አሰሩ (ፋይበሩ) ከገለባው ጋር ይጣላል። የሚተርፈው መዓዛና ቀለም ነው። ማቻ ሙሉ ቅጠሉ ቢፈጭም በአንድ ቁራጭ ኬክ ውስጥ የሚገኘው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከጠቃሚ ንጥረ ነገሮቹም ከፊሉ በመጋገሪያው ሙቀት ይቀንሳል።

በጣም የደመቀ አረንጓዴ ኬክ ሲታይ ደግሞ ቀለሙ ከቅጠል ላይሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ብዙ ጊዜ ታርትራዚን የተባለው ቢጫ ቀለም ከሰማያዊ ጋር ተቀላቅሎ ይጨመራል። የአውሮፓ ኅብረት ታርትራዚን ያለበት ምግብ የሕፃናትን ትኩረትና ባሕርይ ሊጎዳ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናትም እ.አ.አ በሚያዝያ 2025 ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠሩ የምግብ ቀለሞችን በሂደት ለማስቀረት ማቀዳቸውን አስታውቀዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህ ኬክ ክሬም ከተቀባው የልደት ኬክ ይሻላል። ክሬም ስለሌለው ስቡ ያነሰ ነው፤ ከእንቁላሉም ፕሮቲን ይገኛል። ይሁን እንጂ ኬክነቱን አይለቅም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይሏል፦

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኬኩን እንደ ማንኛውም ጣፋጭ ይቁጠረው። ሊቀምስ ከፈለገ ትንሽ ቁራጭ፣ አልፎ አልፎ፣ ስኳር ከሌለው ሻይ ጋር ይሁን። ለቁርስ ምትክ አይሁን።

የደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡር እናቶች ማቻ ያለበትን ኬክ ከምግብና ከአይረን ክኒን ጋር አይውሰዱ። እንደ ሻይ ሁሉ ማቻም ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘው አይረን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ቢያንስ 1 ሰዓት ያራርቁት።

ማቻ ካፌይን ስላለው ለሕፃናት በተለይ ማታ ማታ ባይሰጥ ይመረጣል።

ጿሚዎችም ይጠንቀቁ። ቅቤና የላም ወተት ስለሌለበት የጾም ቢመስልም እንቁላል አለበት።

እኚያ እናት ኬኩን ለልጅ ልጆቻቸው አከፋፍለው፣ ለራሳቸው አንዲት ቀጭን ቁራጭ አስቀርተው መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰድ ቀጠሉ። በቀጣዩ ክትትል ስኳራቸው ወደ ነበረበት ተመልሷል። ኬክ ስንገዛም ሆነ ሲሰጠን መጀመሪያ ቀለሙን ሳይሆን ውስጡ የገባውን እንጠይቅ። የጤና ችግር ያለበት ሰው ደግሞ አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጤና ይብዛላችሁ።