መንገዱን ማን ጠረገው?

በመስከረም አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶስት ብስክሌት ከመኪና ጀርባ አስረን ከአውሮራ ልንወጣ ስንል የአንዳችን እናት በር ላይ ቆመው «ተራራ ላይ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዳቦ ቆሎ በፌስታል አስያዙንና «ጅብ እንዳይበላችሁ» ብለው መርቀው ሸኙን። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ጅብ ሳይሆን ድብ ነው ብንላቸው ጭራሽ አያስወጡንም ነበርና ዝም አልን።

የሄድንበት መንገድ ኮሎራዶ ትሬይል ይባላል። ከዴንቨር ዳርቻ ተነስቶ፣ ተራራ ለተራራ እየተሽሎከለከ፣ ዱራንጎ እስኪደርስ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እኛ የደፈርነው ከኬኖሻ ፓስ እስከ ጆርጂያ ፓስ ያለችውን ቁራጭ ነው፤ ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ኬኖሻ ራሱ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጆርጂያ ሲደረስ ደግሞ ከ3,500 ያልፋል። መኪና ውስጥ ሳለን «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን» እያልን ስንፎክር ነበር። 1,600 ሜትር ላይ ካለችው ዴንቨር የመጣ ሳንባ ግን ፉከራ አይሰማም።

መጀመሪያው ደስ ይላል። አስፐን የሚባለው ዛፍ በዚያ ወቅት ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቁልቁል ስንንደረደር ግራና ቀኙ አደይ አበባ የፈሰሰበት መስሎን ነበር። የጄፈርሰንን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ግን ጨዋታው አበቃ። ዳገቱ አያልቅም፤ ስሩና ድንጋዩ ጎማ ያነጥራል። በመጨረሻው ማርሽ አልሆን ሲለን ወርደን መግፋት ጀመርን። አንድ ትልቅ ዛፍ መንገዱ ላይ ወድቆ ስናገኘው ብስክሌቶቹን በላዩ አሻግረን፣ «ይሄን የሚያነሳ የመንግስት ሰው የለም?» እያልን አለፍን።

ስንመለስ ዛፉ የለም። ተቆርጦ ወደ ጎን ተንከባሏል። አጠገቡ አያቶቻችን የሚሆኑ አራት ሽማግሌዎች መጋዛቸውን አስቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። የመንግስት ሰራተኞች አልነበሩም። ማንም አይከፍላቸውም። አመሰገንናቸው፣ ዳቦ ቆሎ አቀመስናቸው፣ ሄድን። ቁልቁለቱ ላይ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ቤት ገብተን ስናነብ ነገሩ ይበልጥ ከበደን። ይህ መንገድ ባብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ስራ ነው። ሀሳቡ በ1970ዎቹ ተጠንስሶ፣ ገንዘብ አጥቶ ሲንገዳገድ፣ ጉዲ ጋስኪል የሚባሉ ሴት በየበጋው በጎ ፈቃደኛ እያሰባሰቡ ዶማና አካፋ እያስያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከዳር እስከ ዳር እንዲገናኝ አደረጉት። እሳቸው በ2016 አርፈዋል፤ ስራው ግን ዛሬም በየዓመቱ በዚያው መልክ ይቀጥላል።

እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ ደቦ ይባላል። በየሰርጉና በየለቅሶው «ፈረንጅ ለብቻው ነው የሚኖረው፣ እኛ ግን ደቦ አለን» ስንል እንውላለን። ታዲያ የዴንቨርና የአውሮራ ሐበሻ ወጣት ተራራው ደጁ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው በደቦው የሌለው? አዎ፣ ወላጆቻችን ሁለት ፈረቃ ይሰራሉ፤ ተራራን ለመዝናኛ የሚያስብ ጊዜ አልነበራቸውም። አዎ፣ ደህና ብስክሌት ውድ ነው፤ የእኛም ሁለቱ የተገዙት ያገለገሉ ናቸው። ግን አካፋው ያን ያህል አይወደድም። መንገዱ ደግሞ መግቢያ አያስከፍልም፤ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ያልነው እኛው ራሳችን ነን።

በብስክሌተኞች ዘንድ የጦፈ ክርክርም አለ። በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዱር ተብለው በተከለሉ ቦታዎች መካኒካል ማጓጓዣን ይከለክላል፤ ብስክሌትም ከዚያው ይቆጠራል። ኮሎራዶ ትሬይል እንዲህ ያሉ 6 ክልሎችን ስለሚያቋርጥ ብስክሌተኛ በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል። ብዙዎች እገዳው ይነሳ ይላሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው፤ ማዞሪያው አንዳንድ ቦታ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር ያጋፋል። እኛ ግን እገዳው ይቆይ ባዮች ነን። ከዚህ ሁሉ ኪሎ ሜትር ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከኋላው ጎማ መጣ አልመጣ ብሎ የማይሳቀቅበት ቦታ ቢኖር አይበዛበትም። በተፈቀደልን ቦታም ቢሆን ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ መስጠት ያለብን እኛ ነን። ደግሞስ፣ የወደቀ ዛፍ ዘለን ያለፍን ሰዎች በምን አፋችን ነው ተጨማሪ መንገድ የምንጠይቀው?

የምንለው አጭር ነው። ሂዱ፣ ንዱት፤ እውነት ግሩም ነው። የነዳ ሁሉ ግን በዓመት አንድ ቀን አካፋ ይጨብጥ። እኛ በመጪው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ለዚሁ ስራ ልንሰጥ ቆርጠናል። እናታችን «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ሲሉን አሁን መልስ አለን፤ ዕዳ አለብን እንላቸዋለን። አብሮን የሚወጣ ካለ ጓንት ይዞ ይምጣ። ዳቦ ቆሎው ከእኛ ነው።